ዲግሪ ይዤ ዛፍ ላይ ወጣሁ

(በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የሙያ ቀን ላይ ለተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 

ስጋበዝ የተሰጠኝ ርዕስ «የማህበራዊ ሥራ ባለሙያ ምን ይሠራል?» የሚል ነበር። እሱንም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ፤ ግን ጋባዦቼን አስፈቅጄ ሌላ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። እስቲ እጄን እዩት። ከፊት የተቀመጣችሁ ይታያችኋል? እስክሪብቶ ብቻ የያዘ እጅ አይመስልም፣ አይደል? ይሄ የገመድ ነው፤ ይሄኛው የመጋዝ። ከሰኞ እስከ አርብ በአንድ ወረዳ የማህበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። ቅዳሜና አንዳንዴም እሁድ ከሰዓት ዛፍ እከረክማለሁ፤ ሲያስፈልግም እጥላለሁ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ደግሞ ወረዳውን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን እዚሁ ሥራ ላይ ላደርግ አስቤያለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ከጻፍኩ ቆየሁ። ግን እስካሁን አላስገባሁትም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሳቁ፣ ሳቁ፤ ግድ የለም። የቢሮ ጓደኞቼም ስቀዋል። አንዱ ጭራሽ «ዲግሪሽን መሰላል አደረግሽው እንዴ?» ብሎኛል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ እንጦጦንም ያውቃል። እናቴ እኛን ያሳደገችው ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ እያወረደች፣ ከተማ ውስጥ እየሸጠች ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ትወጣለች። እኔ ከት/ቤት ስመለስ ከዳገቱ ስትወርድ እንገናኛለን፤ ከሩቅ ሳያት ፊቷ አይታየኝም፣ ሸክሙ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጫካው ራሱ ሁለት እግር አውጥቶ የሚራመድ ይመስላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ባዶ እጇን ትመጣለች፤ ጥበቃ ይዟቸው ሸክሙን ተቀምተው። በዚያ ቀን ማታ ማንም ብዙ አያወራም። ገመዱ ትከሻዋ ላይ የተወው መስመር እስከ ዛሬ አለ።

«አንቺ ብቻ ተማሪልኝ» ትለኝ ነበር። «እንጨት የምታውቂው ወንበር ሆኖ ሲመጣልሽ ብቻ ይሁን።»

ተማርኩላት። በ2011 ዓ.ም. በሶሲዮሎጂ ተመረቅኩ። ፎቶዬ በጥቁር ጋውን ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አቧራው ይጠረጋል። ሥራም ቶሎ ባይሆንም አገኘሁ። የማህበራዊ ሥራ ባለሙያ ማለት፣ ጠቅለል ባለ አነጋገር፣ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ምን እንደጎደለው የሚያጣራ፣ የተጣላን የሚያነጋግር፣ የተረሳን የሚያስታውስ፣ ከዚያም ያየውን ሁሉ በሦስት ኮፒ የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ ሥራውን አልጠላሁትም። ይሄን በደንብ ስሙኝ፤ ሥራ የሚቀይር ሰው ሁሉ ከጠላው ነገር የሚሸሽ የሚመስላቸው አሉ።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ እንላቸዋለን። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ግራቪሊያ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ዘምሟል። ጎረቤቶች ፈርመው አመለከቱ፤ «ዛፉ ይቆረጥ፣ ልጆቻችን እሱ ሥር ነው የሚተኙት» ብለው። እማማ ደግሞ «ባለቤቴ በእጁ የተከለው ነው፤ እሱን ከመጣላችሁ በፊት እኔን ቅበሩኝ» አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ሰበሰብኳቸው። ቡና ተፈላ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ማህደሩ ወፈረ እንጂ ዛፉ ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ አንድ ሰው ጠቆሙኝ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ለብዙ ዓመታት አትክልተኛ ሆነው የሠሩ፣ በገመድ ዛፍ ላይ አወጣጡን ደግሞ ከአንድ የውጭ ዜጋ ባለሙያ የተማሩ ናቸው። መጡና ምንም ሳይናገሩ ዛፉን ሦስቴ ዞሩት። ግንዱን በመጋዛቸው እጀታ መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ሰጡት፤ ሐኪም በሉት። ከዚያ «ዛፉ ደህና ነው። ችግሩ ያ ቅርንጫፍና ያ ቅርንጫፍ ነው» አሉ። ወጡ። ሁለት ሰዓት አልፈጀባቸውም። ሁለቱ ቅርንጫፎች በገመድ ታስረው እንደ ሕፃን በቀስታ ወረዱ፤ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተነካም። ዛፉ ቆመ፣ ጣሪያው ተረፈ። ጎረቤቶቹና እማማ በዚያኑ ማታ አንድ ላይ ቡና ጠጡ።

እኔ ቁጭ ብዬ ማህደሬን አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ ቅናት ነው የያዘኝ።

በሳምንቱ ሄጄ «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። «ስንት ክፍል ደርሰሻል?» አሉኝ። «ዲግሪ አለኝ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቅርንጫፍ በመሰብሰብ ትጀምሪያለሽ» አሉኝ።

አራት ወር ሰበሰብኩ። እውነቴን ነው፤ አራት ወር እግሬ ከመሬት አልተነሳም። ክፍያዬ ምሳዬ ነበር። ከእኔ ጋር የሚሠራው ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ዕድሜው ከእኔ በስምንት ዓመት የሚያንስ ነው፤ አለቃዬ ግን እሱ ነበር። «እዚያ አትቁሚ!» ይለኛል። «ገመዱን አትርገጪው!» ይለኛል። ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እዚህ አንድ ጎረምሳ ሲጮህብኝ ይውላል። መጀመሪያ ውስጤ ተቃጠለ። በኋላ ግን ገባኝ። ዛፍ ሲጣል፣ ሥራው ላይ የሌለ ሰው ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። አሥር ሜትር ዛፍ ከሆነ ሃያ ሜትር ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸና እያወራሁ ክልሉ ውስጥ ገባሁ። ልጁ በክርኑ ገፍቶ ጣለኝ። ተነስቼ ልሰድበው ስል፣ የእኔን ወገብ የሚያህል ቅርንጫፍ ቅድም የቆምኩበት ቦታ ላይ ተኝቷል። ስልኩ እጄ ላይ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ ቦታ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ያን ልጅም «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው። እሱ ያፍራል፣ እኔ አላፍርም።

በአምስተኛው ወር መጋዝ ያዝኩ። የመጀመሪያ ቅርንጫፌን ያበላሸሁበትን ልንገራችሁ፤ ቴክኒኩም የሚገባችሁ በዚያ ነው። አንድ ጡረተኛ አባት ግቢ ውስጥ የሚያምር ዋንዛ አለ። ዝቅ ብሎ መንገድ የዘጋ አንድ ቅርንጫፍ እንድቆርጥ ጋሼ ለእኔ ተዉልኝ። ከላይ ወደ ታች መጋዜን እየሳብኩ ሄድኩ። ግማሽ ሳልደርስ ቅርንጫፉ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ተሰበረ። ሲሰበር ታዲያ ብቻውን አልሄደም፤ የግንዱን ልጥ ይዞ እስከ ጉልበቴ ድረስ ገሸለጠው። ባለቤቱ አዩት። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይሄን ዛፍ አርባ ዓመት ጠብቄዋለሁ» ብቻ አሉኝ። ምነው በተቆጡ! የዚያን ቀን ገንዘብ አልተቀበልንም፤ መቀበልም አልነበረብንም።

ትክክለኛው አቆራረጥ ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ትንሽ ይቆረጣል። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይቆረጣል፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ስንጥቁ የሥሩ ቁርጥ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ልጡን አይከተልም። በመጨረሻ የቀረችው ጉማጅ ትቆረጣለች። እዚህ ላይ ነው ጥበቡ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አስተውላችሁ ካያችሁት፣ እንደ አንገት ያበጠ ነገር አለ። መጋዙ ያንን እብጠት ሳይነካ ከእሱ ውጭ ነው ማለፍ ያለበት። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ በሚነሳ አዲስ አካል ነውና። ለማሳመር ብሎ ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ የሚላጭ ሰው ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ረጅም ጉማጅ የሚተው ደግሞ የሚበሰብስ ነገር ትቶ ይሄዳል። አናቱን ጭራሽ ድምጥማጡን የሚያጠፉትማ ብዙ ናቸው። ዛፉ በቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ባለቤቱም «ዳነ» ይላል። ነገር ግን ከቁርጡ ጫፍ የሚበቅለው ቅርንጫፍ በደንብ ያልተያያዘ ነው፤ ሲከብድ ከቅድሙ ይልቅ እሱ ነው አደገኛው።

ሁሉም ዛፍ ደግሞ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ባህር ዛፍን ውሰዱ። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከተማዋ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር በታሪክ ሳትማሩት አትቀሩም። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቆርጣችሁት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ማገሩም አጣናውም ማገዶውም ለስንት ዓመት ከአንድ ሥር እየተመላለሰ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እናቴም የተሸከመችው የእሱን ቅጠል ነው። ጽድ ግን እንዲህ አይደለም። ጽድ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ስለዚህ ጋሼ ጽድ ጣሉ ሲባሉ ሦስቴ ሳይሆን ስድስቴ ነው የሚዞሩት፤ ወረዳ ተጠይቆ ፈቃድ መኖሩንም ያጣራሉ።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ጨርሶ አይደራደሩም፤ የመብራት ሽቦ የነካ ዛፍ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መጋዙ የእንጨት እጀታ አለው፣ መሰላሉ የእንጨት ነው ብሎ ነገር የለም። አንድ ባለሀብት እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ ሲለማመጣቸው «መጀመሪያ መብራት ኃይል መጥቶ ያጥፋው» ብለው ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ገንዘቡ አሳዝኖኝ ነበር፤ አሁን አያሳዝነኝም። ቼይንሶው የሚባለውን የሞተር መጋዝማ እስካሁን መሬት ላይ ቆሜ እንጂ ዛፍ ላይ ይዤው አልወጣሁም። ጫፉ ጠንካራ ነገር ከነካ ወደ ያዘው ሰው ፊት ተወርውሮ ይመለሳል። ሄልሜት፣ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የእግር መከላከያ ሱሪ ሳላሟላ እንዳልነካው ተነግሮኛል። የሦስት ወር ቁጠባዬ ለገመድ፣ ለመታጠቂያ ቀበቶና ለሄልሜት ሄዷል። ሱሪው ቀርቶኛል። እናንተም ይሄን ሁሉ የነገርኳችሁ ቤት ሄዳችሁ እንድትሞክሩት አይደለም፤ ተግባባን?

ባለፈው ሌላ ት/ቤት አንዲት ተማሪ «ታዲያ አራት ዓመት የተማርሽው ባከነ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ ያልመለስኩላትን ዛሬ ልሞክር።

ሶሲዮሎጂ ላይ የሥራ ክፍፍል የሚባል ትምህርት አለ። ፈተናውን በደንብ ነው ያለፍኩት። ግን በእኛ ሰፈር ግንዱን የሚጥለው ወንድ፣ ጭራሮውን ጠርጋ የምትሸከመው ሴት የሆነችው ለምንድነው ብዬ የጠየቅኩት ዛፍ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። በአንድ ሸክም የሚገኘው ገንዘብና በአንድ መጣል የሚገኘው ገንዘብ እንደማይገናኝም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለተኛ፣ ዛፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። ሥሩ በእከሌ ግቢ፣ ጥላው በእከሊት መስኮት፣ ቅጠሉ በሦስተኛው ሰው አሸንዳ ውስጥ ነው። ጋሼ ከዛፍ ጋር እንጂ ከሰው ጋር መነጋገር ብዙ አይሆንላቸውም። አሁን ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ ነኝ የምገባው። ጎረቤቶቹን አነጋግራለሁ፤ ማን ምን እንደሚፈራ እሰማለሁ፤ ከዚያ ነው መጋዝ የሚነሳው። ጭቅጭቅ ላይ ያለ ግቢ ውስጥ ገመድ አይዘረጋም። ስለዚህ ባከነ አልልም። ሥራ አላስገኘልኝም፣ ያገኘሁትን ሥራ ግን አሳየኝ።

ደግሞ ተመልከቱ፤ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። እኔ በተመረቅኩበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር ተክያለሁ። ከዚያ በኋላስ? የተተከለ ውሃ ይፈልጋል፤ ልጅ እያለ ቅርጹ መስተካከል ይፈልጋል፤ ሲያረጅ የሚመረምረው ይፈልጋል። በሌሎች አገሮች ለዚህ «አርቦሪስት» የሚባል ባለሙያ አለ። ዓለም አቀፍ ማህበራቸው እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተ ሲሆን፣ የምስክር ወረቀቱን ፈተና ለመውሰድ በተለመደው መንገድ የሦስት ዓመት የሙሉ ጊዜ የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ደንን በወጉ መማር የምትፈልጉ ደግሞ ወንዶ ገነት አለላችሁ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የደን ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ፣ አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ኮሌጅ ነው። እኔ በጓሮ በር ነው የገባሁት። በፊት ለፊቱ በር የሚገባ ካለ ደስታዬ ነው።

ገንዘቡንም አልደብቃችሁም። ግንቦትና ሰኔ፣ ሰው ሁሉ ዝናቡ ሳይመጣ ቀና ብሎ ጣሪያውን በሚያይበት ጊዜ፣ ቅዳሜዬ አይበቃኝም። ሌላ ጊዜ ሦስት ሳምንት ስልክ የሚደውል የለም። ወረዳው ግን ወር በገባ ቁጥር ይከፍላል። ዛፍ ላይ ስትወጡ አንድ ሕግ አለ። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ ይዘው መቆየት አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሱት። እኔም ሥራዬን የምቀይረው በዚህ ዓይነት ነው። «ህልሜን ልከተል» ብዬ ሁለት እጄን አንድ ላይ አልለቅም።

እሺ፣ ደብዳቤው። ለእናቴ ስነግራት አልጮኸችም። ማታ የነበረውን ራት ሳትበላ ተነሳችና ፎቶዬን ከግድግዳው አውርዳ ጠረገችው፤ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ለሁለት ወር አላነሳችም። መጋዜን በር ላይ ካስቀመጥኩት ወደ ጓሮ ትወስደዋለች። እኔም ማን ላይ እንደማፍር ግራ ገባኝ። ያቺ ሴት ጀርባዋን የሰጠችው እኔ ከእንጨት እንድርቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ከቤታችን ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ሥራ ነበረን። ላይ ሆኜ ስቆርጥ ቁልቁል ሳይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አጥሩ ጋ ቆማለች። ስንት ሰዓት እንደቆየች አላውቅም። እስክወርድ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ስወርድም ምንም አላለችኝም። ወንድም ጋሼና ሌላ ልጅ ቅርንጫፉን አስረው ጋሪ ላይ ሊጭኑ ይታገላሉ፤ ያስራሉ፣ ይፈታባቸዋል፤ ያስራሉ፣ ይፈታባቸዋል። እናቴ ትንሽ አየቻቸውና መቻል አቃታት። «እንዲህ ነው እንዴ የሚታሰረው?» አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የወፍራሙን ጫፍ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያደረገች ደረደረችው፣ ገመዱን በሥር አሳለፈች፣ በእግሯ ረግጣ ሳበችው። እንደ ከበሮ ጠበቀ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እመቤት፣ ይሄን የት ተማሩት?» አሏት። አገጯን ወደ እንጦጦ ቀና አድርጋ «እዚያ» አለች።

ማታ ቤት ስንገባ ጠየቀችኝ። «ከዛፍ ብትወድቂ ማን ያሳክምሻል? ወረዳው ጡረታ አለው፤ ዛፉስ?» መልስ አልነበረኝም። ሶሲዮሎጂ አንብቤ ለዚህች ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ተቀምጠን አሰብን። እሷ ናት የወሰነችው፤ የስድስት ወር ወጪያችንን የሚሸፍን ብር ባንክ ሳይገባ ደብዳቤው እንዳይገባ። ለሕክምና የሚሆን ለብቻው። ያ ሱሪም ሳይገዛ እንዳይሆን ጨምራለች፤ ስለ ሱሪው ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ጋሼን እጠረጥራለሁ። ዕቁብ ገብቻለሁ። እስካሁን የአራት ወሩ ሞልቷል። ዕጣዬ ነሐሴ ላይ ነው። ደብዳቤው ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቀኑ ብቻ ክፍት ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ገመዱንና ሄልሜቱን አምጥቻለሁ፤ መንካት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ቅድም ስገባ አይቻለሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ትልቅ ጽድ ላይ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ልክ አግዳሚ ወንበሩ ከተቀመጠበት በላይ። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር እንመጣለን። እስከዚያ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጡ።